አንድ ሺህ ዋት የት ገባ? ከመፈረማችን በፊት ልንረዳቸው የሚገቡ ቃላት

በዚህ ዕትም የሚቀርበው ትምህርት ስለ ሶላር መብራት፣ ስለ ድምፅ ማጉያና ስለ ኮምፒዩተር ስንነጋገር ዘወትር የምንሰማቸውን ጥቂት ቃላት ያብራራል። አንባቢው ትምህርቱን ሲፈጽም ባለሙያ የሚናገረውን ለይቶ ለመስማት፣ ነጋዴ የሚያቀርበውን ፕሮፎርማ መርምሮ ለማንበብና በምእመናን ገንዘብ የሚገዛውን ዕቃ አውቆ ለመረከብ እንዲችል ታስቧል። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ የራሴ ስሕተት ስለ ሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ።

በአንድ የንግሥ ሌሊት የሆነው

በመካነ ብርሃን ዙሪያ ከሚገኙት የገጠር አጥቢያዎች አንዱ የመብራትና የድምፅ ማጉያ ችግሩን ለማቃለል ገንዘብ አሰባሰበ። ገበሬው ከገብሱ ሸጦ፣ እናቶችም ከዶሮና ከእንቁላል ዋጋ ቀንሰው ያዋጡት ገንዘብ ነው። የግዥ ጥያቄውን ያዘጋጀሁት እኔ ነበርሁ። በወረቀቱ ላይ «1,000 ዋት ኢንቨርተር፣ ከነባትሪውና ከነሶላሩ» ብዬ ጻፍሁ። ዕቃው ሲመጣ ኢንቨርተሩ ላይ 1,000 የሚለው ቁጥር በጉልህ ተጽፎ ነበር። ኮሚቴው ቁጥሩን አይቶ ተደሰተ፤ እኔም ከቄሰ ገበዙ ጋር በመረከቢያው ሰነድ ላይ ፈረምሁ። ባትሪው 12 ቮልትና 40 አምፒር-ሰዓት መሆኑን በዓይኔ አንብቤዋለሁ። ንባቡን እንጂ ትርጉሙን አልመረመርሁም።

የንግሡ ዋዜማ ደርሶ ማኅሌት ተቆመ። ሞንታርቦ እያልን የምንጠራው ድምፅ ማጉያና 6 አምፖሎች በአንድነት ሥራ ጀመሩ። 4 ሰዓት ጥቂት አለፍ እንዳለ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጠፋ። ሊቃውንቱ ጧፍ አስበርተው ማኅሌቱን ሳያቋርጡ ቀጠሉ። ሲነጋ ግን አንድ አዛውንት ወደ እኔ ቀርበው፣ «ዲያቆን፣ ያ አንድ ሺህ የተባለው የት ገባ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ባትሪውም ከዚያ በኋላ በየበዓሉ እስከ መጨረሻው እየተሟጠጠ ዓመት ሳይሞላው ከጥቅም ውጭ ሆነ።

ኋላ እንደ ተረዳሁት ዕቃው ብልሽት አልነበረበትም፤ ሻጩም የጠየቅነውን ሰጥቶናል። ጉድለቱ በአጠያየቃችን ነበር። ለአዛውንቱ ጥያቄ ያልሰጠሁትን መልስ አሁን በጽሑፍ አቀርባለሁ።

ስማቸው ለምን አልተተረጎመም?

በጉባኤ ቤት አስቀድሞ ንባቡ ይደላደላል፤ ከዚያ ወደ ትርጓሜው ይገባል። በዚህም ነገር እንደዚያው እናድርግ። ቮልት፣ አምፒርና ዋት ሦስቱም የሰው ስሞች ናቸው። አሌሳንድሮ ቮልታ በ1800 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ባትሪ ለዓለም ያስተዋወቀ የኢጣልያ ሊቅ ነው። አንድሬ ማሪ አምፔር የኤሌክትሪክን ፍሰት የመረመረ ፈረንሳዊ ሲሆን፣ ጄምስ ዋት ደግሞ የእንፋሎት ሞተርን ያሻሻለ የስኮትላንድ ሰው ነው። መለኪያዎቹ ለመታሰቢያቸው በስማቸው ተሰየሙ። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ ቃላት የአማርኛ አቻ በመፈለግ ብዙ ደክሟል፤ የሰው ስም ግን በየትኛውም አገር እንደ ስም ይጠራል እንጂ አይተረጎምም።

የሚያስቸግረን ከእነዚህ ስሞች ይልቅ የራሳችን አነጋገር ነው። «ኮረንቲ» የሚለው ቃል ከኢጣልያንኛ የመጣና «ወራጅ፣ የሚፈስ» ማለት ሲሆን፣ እኛ ግን ለኤሌክትሪክ ነገር ሁሉ እንጠራበታለን። «ኃይል» የሚለውንም አንድ ጊዜ ለግፊት፣ አንድ ጊዜ ለሥራ ፍጥነት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በባትሪ ውስጥ ለተጠራቀመው እንናገረዋለን። ሦስት የተለያዩ ነገሮች አንድ ስም ሲይዙ ሻጭና ገዥ ሳይግባቡ ይስማማሉ። እኔና ያ አጥቢያም እንዲሁ ነበርን።

ከጅንባር ውኃ የምንማረው

ከደባርቅ ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ገብቶ ሳንቃበርን አልፎ ወደ ግጭ የሚጓዝ ሰው የጅንባርን ፏፏቴ ያያል። ውኃው እጅግ ጥልቅ ወደ ሆነ ገደል ይወርዳል። በክረምት ብዛቱ ያስፈራል፤ በበጋ ግን ይቀጥናል። የገደሉ ከፍታ በክረምትም በበጋም አንድ ነው፤ የሚለዋወጠው የሚወርደው ውኃ ብዛት ነው።

ቮልት የገደሉን ከፍታ ይመስላል፤ ኤሌክትሪክን የሚገፋው የግፊት ልክ ነው። በየከተማው በመስመር የሚመጣው 220 ቮልት ሲሆን፣ የተለመደው የሶላር ባትሪ 12 ቮልት ነው።

አምፒር በአንድ ቅጽበት የሚወርደውን ውኃ ብዛት ይመስላል፤ በሽቦው ውስጥ የሚፈሰው የኮረንቲ መጠን ነው።

ዋት ሁለቱ ሲባዙ የሚገኝ ነው። ከፍታ ብቻውን የውኃ ወፍጮ አያዞርም፤ ብዙ ውኃም በሜዳ ላይ ቢተኛ አያዞርም። ከፍታውና ብዛቱ በአንድነት ወፍጮውን ምን ያህል አፍጥነው እንደሚያዞሩት የሚነግረን ዋት ነው። 12 ቮልት በ10 አምፒር ሲባዛ 120 ዋት ይሆናል። ያንኑ 120 ዋት በ220 ቮልት ለማግኘት ከግማሽ አምፒር ጥቂት የሚበልጥ ይበቃል። ከባትሪ የሚወጣ ሽቦ ወፍራምና አጭር መሆን የሚገባውም ስለዚህ ነው፤ ግፊቱ ዝቅተኛ ስለ ሆነ ብዙ አምፒር ያልፍበታል፤ ቀጭን ከሆነ ይግላል፤ ኤሌክትሪኩም በመንገድ ይባክናል።

ዋት-ሰዓት ደግሞ ወፍጮው ሲፈጭ አድሮ ያወጣው የዱቄት ብዛት ነው። 60 ዋት የሚወስድ ዕቃ ለ4 ሰዓት ቢሠራ 240 ዋት-ሰዓት ይፈጃል። በደባርቅና በዳባት ከተሞች ቆጣሪ ያላችሁ ይህን መለኪያ በወር ክፍያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቆጣሪው የሚቆጥረው ኪሎ ዋት-ሰዓት፣ ማለትም 1,000 ዋት-ሰዓት ነው።

አሁን የአዛውንቱን ጥያቄ እንመልስ። ኢንቨርተሩ ላይ የተጻፈው 1,000 ዋት «በአንድ ጊዜ እስከዚህ ድረስ መሸከም እችላለሁ» ማለት ነው እንጂ «ይህን ያህል አለኝ» ማለት አይደለም። ያለውን የሚናገረው ባትሪው ነው። 12 ቮልት በ40 አምፒር-ሰዓት ሲባዛ 480 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ሞንታርቦው 60 ዋት፣ እያንዳንዳቸው 7 ዋት የሆኑት 6 አምፖሎች 42 ዋት፣ በድምሩ 102 ዋት ይወስዱ ነበር። 480 ለ102 ሲካፈል 5 ሰዓት አይሞላም፤ ኢንቨርተሩ ራሱ የሚፈጀው ሲቀነስበት ደግሞ ወደ 4 ሰዓት ይጠጋል። ሌሊቱ በተፈጸመው ልክ የተጻፈው በባትሪው ጎን ላይ ነበር። አንብቤዋለሁ፤ አላባዛሁትም።

የሶላር ዕቃዎች በየስማቸው

ሶላር ፓኔል፦ የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። የሚሠራው በብርሃን እንጂ በሙቀት አይደለም፤ እንዲያውም ሲግል ምርቱ ይቀንሳል። ስለዚህ የስሜን ብርድና ጥርት ያለ የበጋ ሰማይ ይስማማዋል። በእኛ አካባቢ ፊቱ ወደ ደቡብ ሆኖ ጥቂት ዘንበል ማለት አለበት። የዛፍ ጥላ በአንዱ ጥግ ላይ ብቻ ቢያርፍ የመላው ፓኔል ምርት በብዙ ሊቀንስ ይችላል። ይህ ግን የቤተ ክርስቲያኑን ጽድና ወይራ ለመቁረጥ ምክንያት ሊሆን አይገባም፤ ፓኔሉን ጥላ ወደማይደርስበት ወደ ዕቃ ቤቱ ወይም ወደ ደጀ ሰላሙ ጣራ ማዛወር ይቻላል።

ቻርጅ ኮንትሮለር፦ በፓኔሉና በባትሪው መካከል የሚቆም ዘበኛ ነው። ባትሪው ሲሞላ ከልክ በላይ እንዳይገባበት ይከለክላል። በብዙዎቹ ላይ መብራትና ሌላ ዕቃ የሚቀጠልበት ማውጫ አለ፤ ባትሪው ሲጎድል ይህን ማውጫ ይዘጋል። ኢንቨርተር በቀጥታ ከባትሪው ጋር ከታሰረ ግን ዘበኛው ይህን አያይም። ዋጋ ለመቀነስ ተብሎ ኮንትሮለር የሚቀር ከሆነ ባትሪው ዕድሜውን አይጨርስም።

ባትሪ፦ ገንዳ ነው። በገበያችን ብዙ ጊዜ የምናገኘው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ በየጊዜው ከግማሹ በታች ሲወርድ ዕድሜው ያጥራል፤ ስለዚህ በሒሳባችን ግማሹን ብቻ እንቆጥራለን። ሊቲየም የሚባለው ዓይነት ዋጋው ከፍ ያለ ሲሆን፣ ከያዘው 80 ከመቶ ያህሉን መጠቀም ይቻላል። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሣት ለአጭር ጊዜ ብዙ አምፒር እንዲሰጥ የተሠራ ስለ ሆነ ለሌሊት ሙሉ አገልግሎት አይሆንም። የእርሳስ ባትሪ በሚሞላበት ጊዜ ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚያወጣ አየር በሚገባበት ቦታ ይቀመጥ፤ የጽና ፍም ወይም ጧፍ በሚያድርበት ክፍል ፈጽሞ አይቀመጥ።

ኢንቨርተር፦ ከባትሪ የሚወጣው ኮረንቲ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይፈስሳል፤ ዲሲ ይባላል። በከተማ መስመር የሚመጣው በሴኮንድ 50 ጊዜ እየተመላለሰ ይፈስሳል፤ ኤሲ ይባላል። ኢንቨርተር የባትሪውን ዲሲ ወደ 220 ቮልት ኤሲ የሚለውጥ ዕቃ ነው። የሚያመርተው ነገር የለም፤ በመለወጡ ሂደት ጥቂት ይበላል እንጂ። አምፖሎቹ በ12 ቮልት የሚሠሩ ከሆኑ ኢንቨርተር አያስፈልጋቸውም።

ሞንታርቦ፦ በሣጥኑ ፊት በትልቁ የሚጻፈው ዋት ብዙ ጊዜ ለቅጽበት የሚደርስበትን ከፍተኛ ልክ የሚያሳይ የማስታወቂያ ቁጥር ነው። ፒኤምፒኦ የሚል ምልክት ከአጠገቡ ካለ በዚያ ላይ አትመኩ፤ አርኤምኤስ የሚለው ወደ እውነቱ ይቀርባል። ለባትሪ ሒሳባችን የሚያስፈልገን ግን ከጀርባው በትንሹ የተጻፈውና ዕቃው ከሶኬት ምን ያህል ዋት እንደሚወስድ የሚናገረው ነው።

ሒሳቡን እንሥራው

አንድ አጥቢያ በቀን ይህን ያህል ይፈልጋል እንበል፦

6 አምፖሎች፣ እያንዳንዳቸው 7 ዋት፣ ለ5 ሰዓት፦ 210 ዋት-ሰዓት
1 ሞንታርቦ፣ 60 ዋት፣ ለ4 ሰዓት፦ 240 ዋት-ሰዓት
1 ላፕቶፕ፣ 50 ዋት፣ ለ3 ሰዓት፦ 150 ዋት-ሰዓት
ድምር፦ 600 ዋት-ሰዓት

በሽቦ፣ በኢንቨርተርና በባትሪ ውስጥ ለሚባክነው 30 ከመቶ ስንጨምርበት 780 ይሆናል። በክረምት ጉምና ደመና ስለሚበዛ የቀኑን ብርሃን እንደ 3 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ብቻ ብንቆጥረው፣ 780 ለ3 ሲካፈል 260 ዋት ይመጣል፤ ስለዚህ 300 ዋት ፓኔል እንጠይቃለን። ፀሐይ ሳይወጣ 2 ቀን ቢያልፍ እንዳንቸገር 780ን በ2 ስናባዛ 1,560 ይሆናል። ባትሪው የእርሳስ ከሆነ ግማሹን ብቻ ስለምንጠቀም 3,120 ዋት-ሰዓት ያስፈልጋል። ይህን ለ12 ቮልት ስናካፍል 260 አምፒር-ሰዓት ነው፤ ባለ 100 አምፒር-ሰዓት 3 ባትሪዎች ይበቃሉ። ኢንቨርተሩስ? አምፖሎቹ፣ ሞንታርቦውና ላፕቶፑ በአንድ ጊዜ ቢበሩ 152 ዋት ብቻ ነው፤ ሲነሣ የሚፈልገውን ጭማሪ ብናስብ እንኳ 300 ወይም 400 ዋት ይበቃል። 1,000 ዋቱ አላስፈለገንም ነበር። በእርሱ ላይ የወጣው ትርፍ ገንዘብ ባትሪው ላይ ቢውል ኖሮ ማኅሌቱ በብርሃን ይነጋ ነበር።

ሒሳቡን በየአጥቢያችሁ ስትሠሩ የዘወትሩን ቀን ብቻ አትቁጠሩ። በዓለ ንግሥን፣ የማኅሌቱን ርዝመትና ስልካቸውን ቻርጅ ለማድረግ የሚመጡትን ሰዎች ሁሉ አስቡ። ገንዳው የሚጎድለው ባልታሰበው ነው።

በኮምፒዩተርም ያው ስሕተት ይደገማል

ብዙ አጥቢያዎች የምእመናንን መዝገብና የሒሳብ ሪፖርት በኮምፒዩተር ማደራጀት ጀምረዋል። በዚህም ትልቁ ቁጥር ያታልላል፤ «256 ነው» ተብሎ የተገዛ ላፕቶፕ ለምን እንደሚዘገይ የሚጠይቁን አሉ። ሁለት ነገር ተደባልቆባቸው ነው።

ማከማቻ የሚባለው መጻሕፍቱ ተሰብስበው የሚቀመጡበት ዕቃ ቤት ነው። ራም የሚባለው ደግሞ ለጊዜው የሚነበበው መጽሐፍ የሚዘረጋበት አትሮንስ ነው። ዕቃ ቤቱ የቱንም ያህል ቢሰፋ አትሮንሱ ጠባብ ከሆነ አንዱን መጽሐፍ ሳያነሡ ሌላውን መዘርጋት አይቻልም፤ ኮምፒዩተሩም የሚዘገየው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። 256 ጊጋባይት የዕቃ ቤቱ ስፋት ሲሆን፣ የአትሮንሱ ስፋት ለብቻው፣ ለምሳሌ 8 ጊጋባይት ተብሎ ይጻፋል። መብራት በድንገት ሲጠፋ በዕቃ ቤቱ ያለው ይተርፋል፤ በአትሮንሱ ላይ ተዘርግቶ «ሴቭ» ያልተደረገው ግን ይጠፋል።

ባይት የእነዚህ መለኪያ ነው። ኮምፒዩተር በውስጡ ያሉት እጅግ ብዙ ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች ናቸው፤ የበራው 1፣ የጠፋው 0 ተብሎ ይቆጠራል። አንዱ ማብሪያ ማጥፊያ ቢት ይባላል፤ 8 ቢት 1 ባይት ነው። በተለመደው አሠራር አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። 1,500 ፊደላት ያሉት አንድ ገጽ ሪፖርት 4,500 ባይት ገደማ ነው። ያንኑ ገጽ በስልክ ፎቶ አንሥተን ብንልከው 3 ሚሊዮን ባይት ሊሆን ይችላል፤ ከ600 ጊዜ በላይ ይበልጣል ማለት ነው። ኔትወርክ በሚደክምበት ቀበሌ በጽሑፍ የተላከ ሪፖርት ሲደርስ በፎቶ የተላከው መንገድ ላይ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ዩኒኮድ የሚለውም ቃል መታወቅ አለበት። ከአንዱ ቢሮ በአማርኛ ተጽፎ የተላከ ደብዳቤ በሌላው ቢሮ ሲከፈት የላቲን ፊደላትና የማይነበቡ ምልክቶች ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ለፊደሉ የተሰጠውን ቁጥር ነው። ቀድሞ የነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች ለላቲን ፊደላት በተሰጡት ቁጥሮች ላይ የግዕዝን መልክ ይተክሉ ነበር፤ ያው መጻፊያ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ መልኩ ይጠፋና ላቲኑ ይወጣል። በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደላችን ዩኒኮድ ወደተባለው ዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ ገባና የራሱን ቁጥሮች አገኘ። በዚያ ሰንጠረዥ የሀ ቁጥር 4608፣ የለ ቁጥር 4616 ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት 8 ሲሆን፣ ለ ከሳብዑ ሎ ቀጥሎ በስምንተኛው ቦታ ዲቃላውን ሏ ይዟል። ዛሬ በስልክና በኮምፒዩተር የምንጠቀምባቸው የአማርኛ መጻፊያዎች በአብዛኛው ይህን ይከተላሉ። የቆየ ሰነድ ያላችሁ አጥቢያዎች አሮጌው ኮምፒዩተር ሳይበላሽ ወደ ዩኒኮድ አስለውጡት።

በመጨረሻም መጠባበቂያ ቅጂ። ፍላሽ ይጠፋል፤ ኮምፒዩተር ይሰበራል። የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ በሁለት ቅጂ፣ በሁለት ልዩ ልዩ ቤቶች ይቀመጥ። በወረቀት ያለውም ስለ ኮምፒዩተር መግባት አይጣል።

ከመፈረም በፊት የሚጠየቁ 5 ጥያቄዎች

1. የምንፈልገው በቀን ስንት ዋት-ሰዓት ነው? ይህ በጽሑፍ ሳይሠራ ፕሮፎርማ አይሰብሰብ።
2. ባትሪው ስንት ቮልት፣ ስንት አምፒር-ሰዓት ነው? ዓይነቱስ ምንድን ነው?
3. ኮንትሮለር ተካቷል? ሽቦው ምን ያህል ውፍረት አለው?
4. ለኮምፒዩተር፦ ራሙ ስንት፣ ማከማቻው ስንት ነው? ሁለቱ ለየብቻ ይጻፉ።
5. ሲበላሽ የሚጠግነው ማን ነው? ዋስትናውስ እስከ መቼ ነው?

መልሶቹ በቃል ሳይሆን በሰነዱ ላይ ይስፈሩ። በርክክብ ቀን በዕቃው ላይ የተጻፈው ቁጥር ከሰነዱ ጋር ይመሳከር፤ ማመሳከሩን የሰበካ ጉባኤው ሒሳብ ሹምና ቄሰ ገበዙ በአንድነት ያድርጉት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችሁ ያለውን ባትሪ ጎን አንብቡ። ቮልቱ በአምፒር-ሰዓቱ ሲባዛ ስንት ይሆናል? ግማሹስ?
2. በመጪው በዓለ ንግሥ ሌሊት የሚበሩትን ዕቃዎች ዘርዝራችሁ ዋታቸውን ደምሩ። ባትሪው እስከ ስንት ሰዓት ያደርሳችኋል?
3. የአጥቢያው መዝገብ ቅጂ ስንት ቦታ ይገኛል?

ያ አጥቢያ ዛሬም ባትሪ ለመለወጥ ገንዘብ እያሰባሰበ ነው። በቅርቡ ስሄድ ጥያቄውን ያነሡትን አዛውንት ከባትሪው አጠገብ አስቀምጬ ከላይ ያለውን ማባዛት በአሮጌ ካርቶን ላይ ሠራሁላቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያስ አንድ ሺው አልጠፋም፤ ከመጀመሪያውም አልነበረም» አሉ። ከዚያም ቀጣዩ ግዥ ሲመጣ ሒሳቡ በኮሚቴው ፊት ጮክ ተብሎ እንዲነበብ ጠየቁ። እኛም ለየአጥቢያችሁ የምናሳስበው ይህንኑ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።